የኳንተም ሰርኪትን አቃልሎ መንደፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አዳማ ተቀምጠው፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም ሆነ ቤት ባለ ላፕቶፕ ሰርኪት እየነደፉ በኢንተርኔት ወደ ኳንተም ማሽን ለሚልኩ ተማሪዎችና መምህራን የተዘጋጀ ነው። ኪዩቢት፣ ሃዳማርድና ሲኖት ጌት ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ ብለን እንነሳለን። የምናተኩረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፦ ሰርኪቱ ወረቀት ላይ ልክ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ላይ ትርጉም የለሽ ቁጥር ሲያወጣ ምን ይቀነሳል? ሲቀነስስ ምን ሊበላሽ ይችላል?

ሰርኪት ማቃለል ሲባል በትክክል የሚቀነሰው ምንድን ነው?

እንደ ማሽኑ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የምናገኛቸው አብዛኞቹ ማሽኖች የራሳቸውን ስህተት እያረሙ የሚሄዱ አይደሉም። በእነዚህ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆጠረው ባለሁለት ኪዩቢት ጌት ነው። በሱፐርኮንዳክተር ማሽኖች የአንድ ሲኖት ወይም የአቻው የሲዜድ ጌት ስህተት ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ይደርሳል። የባለአንድ ኪዩቢት ጌት ስህተት ከዚያ በአሥር እጥፍ ገደማ ያንሳል።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ይጠቅማል። የአንዱ ሲኖት ስህተት 0.5 በመቶ ነው እንበል። 100 ሲኖት ያለው ሰርኪት ያለ ስህተት የማለፍ እድሉ 0.995 መቶ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 0.61 ገደማ። 200 ሲኖት ሲሆን 0.37፣ 500 ሲሆን 0.08 ይሆናል። ስለዚህ ከ200 ወደ 100 ማውረድ ውጤቱን በግማሽ የሚያሻሽል ብቻ ሳይሆን መልስ አለ ወይስ የለም የሚለውን የሚወስን ሥራ ነው።

ሪፖርት ላይ “ጠቅላላ የጌት ብዛት 30 በመቶ ቀነሰ” የሚል ቁጥር ስታዩ ተጠንቀቁ። የተቀነሱት የአር-ዜድ ጌቶች (የአንድን ኪዩቢት ፌዝ፣ ማለትም የሞገዱን ማዕዘን፣ ብቻ የሚያዞሩ) ከሆኑ ምንም አልተገኘም። በሱፐርኮንዳክተር ማሽኖች አር-ዜድ ጌት እውነተኛ ምት አይላክበትም፤ የሚቀጥሉት ምቶች ፌዝ በሶፍትዌር ይዞራል፣ ጊዜም አይፈጅም። ሁልጊዜ ባለሁለት ኪዩቢት ጌቶችን ለብቻ ቆጥራችሁ ጻፉ።

ጥልቀት እና የጌት ብዛት አንድ አይደሉም? የቱን ላስቀድም?

አንድ አይደሉም። ብዛት የጌቶቹ ድምር ነው። ጥልቀት ደግሞ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ የሚሄደው ረጅሙ ሰንሰለት ነው። ጥልቀት የሚጎዳው በጊዜ በኩል ነው፤ ኪዩቢቱ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ቁጥር መረጃው ይፈስሳል። አንድ ባለሁለት ኪዩቢት ጌት 300 ናኖሰከንድ የሚፈጅበት፣ ኪዩቢቱም ፌዙን 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ የሚይዝበት ማሽን ላይ 100 ደረጃ ጥልቀት 30 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። በዚህ ብቻ ከእያንዳንዱ ኪዩቢት ፌዝ ሩብ ያህሉ ይጠፋል።

ብዛትን ሳይነኩ ጥልቀትን መቀነስ የሚቻልበት ቀላል ምሳሌ የጂኤችዜድ ሁኔታ ነው፤ ኪዩቢቶቹ ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም አንድ ሆነው የሚጣመሩበት። 8 ኪዩቢት በአንድ መስመር ተደርድረው ከጫፍ ጀምሮ ሲኖት እየሰንሰሉ መሄድ 7 ሲኖትና 7 ደረጃ ጥልቀት ይፈጃል። ሃዳማርዱን ከጫፉ አንሥታችሁ አራተኛው ኪዩቢት ላይ አድርጉትና ወደ ግራም ወደ ቀኝም አሰራጩ። ሲኖቶቹ አሁንም 7 ናቸው፤ ጥልቀቱ ግን 4 ነው። አንድም ተጨማሪ የኪዩቢት ግንኙነት አላስፈለገም። የመጀመሪያውን አጻጻፍ በየመማሪያው ስለምናገኘው ብቻ እንደግመዋለን፤ ለማሽኑ ግን ሁለተኛው ይሻላል።

የቱ ይቅደም ለሚለው፦ መጀመሪያ ባለሁለት ኪዩቢት ጌቶችን ቀንሱ። ሁለት ሰርኪቶች በዚህ እኩል ሲሆኑ ጥልቀቱ ያነሰውን ምረጡ። ሥራ ፈት የሚቀመጥ ኪዩቢት ከቀረ በክፍተቱ ውስጥ ጥንድ የኤክስ ጌት ማስገባት ቀርፋፋ የፌዝ መንሸራተትን ያጣፋል። ይህ ጌት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ያዋጣል።

በእጅ የማቃልልባቸው መሠረታዊ ሕጎች የትኞቹ ናቸው?

ብዙ አይደሉም፣ ግን በደንብ ሊታወቁ ይገባል። ተመሳሳይ ተቆጣጣሪና ዒላማ ያላቸው ሁለት ሲኖቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ ይጠፋፋሉ። በመሃላቸው ተቆጣጣሪው ኪዩቢት ላይ አር-ዜድ ቢኖር ችግር የለም፤ አር-ዜድ በተቆጣጣሪው በኩል አልፎ ይሄዳል፣ ሲኖቶቹም ይጠፋፋሉ። ዒላማው ላይ ከሆነ ደግሞ አልፎ የሚሄደው አር-ኤክስ ነው።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። በሁለት ሲኖቶች መካከል ዒላማው ላይ አር-ዜድ ካለ ሲኖቶቹ አይጠፋፉም። ያ ስብስብ የሁለቱ ኪዩቢቶች የጋራ የዜድ-ዜድ ሽክርክሪት ሲሆን የብዙ አልጎሪዝሞች ልብ ነው። ተማሪዎች ሥዕሉን አይተው “ሁለት ሲኖት አለ፣ ይሰረዝ” ብለው አልጎሪዝሙን ባዶ የሚያደርጉት በዚህ ቦታ ነው።

ሌላው በቀላሉ የሚገኝ ቁጠባ ከሰርኪቱ ሁለት ጫፎች ነው። መጀመሪያ ላይ ተቆጣጣሪው ገና ዜሮ ሁኔታ ላይ ያለ ሲኖት ምንም አይሠራም፣ ይወገድ። ተቆጣጣሪው በእርግጠኝነት አንድ ከሆነ በኤክስ ጌት ይተካ። ዒላማው በሃዳማርድ የተገኘው የመደመር ሁኔታ ላይ ከሆነም ሲኖቱ ለውጥ አያመጣም። መጨረሻ ላይ ከመለኪያው ጎን ያለ ማንኛውም ፌዝ ብቻ የሚለውጥ ጌት፣ ማለትም የዜድ፣ የኤስ፣ የቲ ወይም የአር-ዜድ ጌት የሚለካውን እድል አይለውጥም። ሁለቱም ኪዩቢቶች ወዲያው የሚለኩ ከሆነ ሲዜድም እንዲሁ ነው። የመጨረሻ ስዋፕ (ሁለት ኪዩቢቶችን የሚያለዋውጥ ጌት) ደግሞ በተግባር የስም ለውጥ ብቻ ነው፤ ሰርዙትና የትኛው ቢት የትኛው እንደሆነ መዝግቡ።

ሃዳማርድ በኤክስ ግራና ቀኝ ሲቆም ዜድ ይሆናል። በሲኖት አራቱም ጫፍ ሲቆም ተቆጣጣሪና ዒላማ ይለዋወጣሉ። ማሽኑ ሲኖትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል ከሆነ መፍትሔው ይኸው ነው፤ የሚጨምረው ባለአንድ ኪዩቢት ጌት ብቻ ነው።

ቶፎሊ ጌት ለምን ያን ያህል ውድ ይሆናል?

ቶፎሊ ሁለት ተቆጣጣሪ ያለው ሲኖት ነው፤ ማሽኑ ግን አያውቀውም። ወደ ሲኖትና ባለአንድ ኪዩቢት ጌት ሲፈታ 6 ሲኖት ይወጣል። ከዚህ በታች መውረድ እንደማይቻልም በማረጋገጫ ይታወቃል። ሦስቱ ኪዩቢቶች ሁሉም እርስ በርስ ካልተገናኙ ደግሞ ከ6ም ይበልጣል።

መውጫው ብዙ ጊዜ ሙሉ ቶፎሊ እንደማያስፈልግ ማስተዋል ነው። ከቶፎሊ በአንድ የፌዝ ምልክት ብቻ የሚለይ፣ በ3 ሲኖት የሚሠራ ጌት አለ፤ የማርጎለስ ጌት ይባላል። ቶፎሊው ረዳት ኪዩቢት ላይ አንድ ነገር አስልቶ በኋላ መልሶ የሚያጠፋ ከሆነ የተሳሳተው ፌዝ መጀመሪያ ይገባል፣ በመመለሱ ጊዜ ይወጣል፣ ማንም አያየውም።

በቁጥር እንየው። 5 ተቆጣጣሪ ያለው የኤክስ ጌት ይፈለጋል፤ 3 ንጹሕ (ዜሮ ላይ ያሉ) ረዳት ኪዩቢቶችም አሉ። የተለመደው ግንባታ 3 ቶፎሊ ወደ ላይ፣ 1 መሃል፣ 3 ወደ ታች ነው፤ ድምሩ 7። ሁሉም ሙሉ ቶፎሊ ከሆኑ 42 ሲኖት ይሆናል። ከመሃሉ በቀር ስድስቱን በማርጎለስ ተኩ፦ 6 ጊዜ 3 ሲደመር 6፣ ማለትም 24 ሲኖት። አንድም ተጨማሪ ኪዩቢት ሳይጨመር 18 ሲኖት ተቆጠበ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ወደ ታች የሚመለሱት የወደ ላዮቹ ትክክለኛ ግልባጭ ይሁኑ፤ ጌቶቹ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል፣ ማዕዘኖቹም በተቃራኒ ምልክት። በመሃል ደግሞ ረዳቱን ኪዩቢት እንደ ተቆጣጣሪ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሃዳማርድ ካረፈበት ፌዙ አይጣፋም፣ ውጤቱም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይበላሻል።

ሰርኪቴ 14 ሲኖት ብቻ ነበረው፤ ለማሽኑ ሲዘጋጅ 20 ሆነ። ከየት መጣ?

ከስዋፕ። ማሽኑ ላይ ኪዩቢቶች የሚነጋገሩት ከጎረቤታቸው ጋር ብቻ ነው። የተራራቁ ሁለት ኪዩቢቶችን ለማገናኘት ኮምፓይለሩ (ሰርኪቱን ለማሽኑ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ስዋፕ ያስገባል፤ እያንዳንዱ ስዋፕ 3 ሲኖት ነው።

ሁላችንም በምናውቀው መንገድ እናሳየው። ስምንት ከተሞችን እንደ ስምንት ኪዩቢት፣ በመካከላቸው ያሉትን መንገዶች እንደ ዜድ-ዜድ ሽክርክሪት እንውሰድ፦ አዲስ አበባ–ቢሾፍቱ፣ ቢሾፍቱ–ሞጆ፣ ሞጆ–መቂ፣ ሞጆ–አዳማ፣ አዳማ–ወንጂ፣ አዳማ–አሰላ፣ አዳማ–ወለንጪቲ። 7 መንገድ፣ በየመንገዱ 2 ሲኖት፣ ድምሩ 14። ከተሞችን በሁለት ጎራ የመክፈል ዓይነት ችግር በኳንተም አልጎሪዝም ሲሠራ አንዱ ዙር ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ። የዜድ-ዜድ ሽክርክሪቶች ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ አይለወጥም። ከላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ግን እያንዳንዱ መንገድ ከቀዳሚው ጋር አንድ ከተማ ይጋራል፤ ስለዚህ ሰባቱም ተራ ይጠባበቃሉ፣ የሲኖት ጥልቀቱም 14 ይሆናል። እንደገና እንደርድራቸው። በመጀመሪያው ዙር አዳማ–ሞጆ እና ቢሾፍቱ–አዲስ አበባ አብረው፤ በሁለተኛው አዳማ–አሰላ እና ሞጆ–ቢሾፍቱ፤ በሦስተኛው አዳማ–ወንጂ እና ሞጆ–መቂ፤ በአራተኛው አዳማ–ወለንጪቲ ብቻ። አራት ዙር፣ ጥልቀት 8። አዳማ አራት መንገድ ስላላት ከአራት ዙር በታች ሊሆን አይችልም። ይህን ድርደራ ሰው በአምስት ደቂቃ ወረቀት ላይ ያገኘዋል። ኮምፓይለር ግን ሽክርክሪቶቹ ወደ ሲኖት ተፈትተው ከቀረቡለት በኋላ ብዙ ጊዜ አያገኘውም።

አሁን ማሽኑ ላይ እናስቀምጠው። የጎግል ሲካሞርና ዊሎው ዓይነት የካሬ መረብ ላይ እያንዳንዱ የውስጥ ኪዩቢት 4 ጎረቤት አለው፤ የእኛ የመንገድ ካርታ ያለ አንድ ስዋፕ ልክ ይገባል። የአይቢኤም ኢግል (ንስር) እና ሄሮን ማሽኖች የሚጠቀሙት ባለስድስት ማዕዘን መረብ ግን ቢበዛ 3 ጎረቤት ነው የሚሰጠው። ሦስት ጎረቤት ያላቸው ሁለት ኪዩቢቶችም ፈጽሞ አይዋሰኑም፤ በመሃላቸው ሁልጊዜ ሁለት ጎረቤት ብቻ ያለው ኪዩቢት አለ። አዳማ 4 ትፈልጋለች፣ ጎረቤቷ ሞጆ ደግሞ 3። ስለዚህ ስዋፕ የግድ ነው።

በ2 ስዋፕ ይሠራል። አዳማን ሦስት ጎረቤት ባለው ኪዩቢት ላይ አስቀምጡ፤ ሞጆ፣ ወንጂና አሰላ በዙሪያዋ ይሁኑ። ከሞጆ ወዲያ ቢሾፍቱ፣ ከቢሾፍቱ ወዲያ በሁለት አቅጣጫ አዲስ አበባና መቂ፣ ከወንጂ ወዲያ ወለንጪቲ። በሁለተኛው ዙር ከሞጆ–ቢሾፍቱ ሽክርክሪት ቀጥሎ ሁለቱን አለዋውጡ፤ ሞጆ ከመቂ ጎን ትሆናለች። በሦስተኛው ዙር ከአዳማ–ወንጂ ቀጥሎ እነሱንም አለዋውጡ፤ አዳማ ከወለንጪቲ ጎን ትደርሳለች። 14 ሲደመር 6፣ 20 ሆነ፤ የጠያቂው ቁጥር ይኸው ነው።

ግን እዚህ ማቆም የለብንም። በሁለት ኪዩቢት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር፣ ምንም ያህል ቢወሳሰብ፣ ከ3 ሲኖት በላይ አይጠይቅም። ሽክርክሪቱና ስዋፑ የተከናወኑት በእነዚያው ሁለት ኪዩቢቶች ላይ ተከታትለው ነው። ስለዚህ 2 ሲደመር 3 ሳይሆን ሁለቱ በአንድነት 3 ሲኖት ናቸው። 5 ተራ ሽክርክሪት 10፣ 2 የተዋሐዱ 6፣ ድምሩ 16 ሲኖት፤ ዙሩም አሁንም አራት ነው። ከ20 ወደ 16 የወረደው ስዋፑ የት እንደሚገባ ስለመረጥን ነው። ኮምፓይለሩ ስዋፑን ሽክርክሪት በሌለበት ጥንድ ላይ ቢያስገባው ኖሮ ይህ ውህደት አይገኝም ነበር።

በአዮን ወጥመድ ማሽኖች (ኪዩቢቱ በኤሌክትሪክ መስክ የተያዘ አዮን በሆነባቸው) ማንኛውም ኪዩቢት ከማንኛውም ጋር ስለሚገናኝ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ በምትኩ ጌቶቹ በብዙ እጥፍ ቀርፋፋ ናቸው።

ይህን ሁሉ ኮምፓይለሩ ራሱ አይሠራውም?

የተወሰነውን ይሠራል፣ በደንብም ይሠራል። በኪስኪት፣ በአይቢኤም የኳንተም ፕሮግራም መሣሪያ፣ ከ0 እስከ 3 ያሉ የማቃለያ ደረጃዎች አሉ። ደረጃ 0 ለማሽኑ እንዲስማማ ከማድረግ አያልፍም፤ ደረጃ 3 ተከታታይ ባለሁለት ኪዩቢት ጌቶችን ሰብስቦ እንደገና ይገነባል። የስዋፕ ምደባው የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በቀረበው ሳብር በተባለ ዘዴ ነው፤ ዘዴው ከዘፈቀደ ምደባ ተነሥቶ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ያሻሽላል። ዘፈቀደ ስላለበት አንድ ጊዜ አስኪዶ የመጣውን መቀበል ትልቁ ስንፍና ነው።

የምንመክረው አሠራር እንዲህ ነው። ለኮምፓይለሩ የጌት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የማሽኑን ሙሉ መግለጫ ስጡት፤ ዝርዝር ብቻ ከሰጣችሁት ሁሉም ኪዩቢት የተገናኘ ይመስለዋል፣ የምታዩት ቁጥርም ከእውነታው ያነሰ ይሆናል። ደረጃውን በግልጽ 3 አድርጉ፤ ቀድሞ የተቀመጠው ነባሪ ደረጃ በየእትሙ ሊለያይ ይችላል። የዘፈቀደ መነሻ ቁጥሩን ከ1 እስከ 20 እየለዋወጣችሁ አስኪዱ፣ በየጊዜው የባለሁለት ኪዩቢት ጌቱን ብዛትና ጥልቀት መዝግቡ፣ ትንሹን ውሰዱ። ከዚያ የተመረጡት ኪዩቢቶች የዕለቱ የስህተት መጠን ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ማሽኖቹ በየጊዜው እንደገና ስለሚስተካከሉ ባለፈው ሳምንት ጥሩ የነበረው ኪዩቢት ዛሬ መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ሲኖት ለመቆጠብ ተብሎ 3 በመቶ ስህተት ባለው ጥንድ በኩል ማለፍ ኪሳራ ነው።

ኮምፓይለሩ የማይሠራው የእናንተን ዓላማ ማወቅ ነው። ረዳት ኪዩቢት ተጠቅማችሁ እንደምትመልሱት፣ የአንድ ጌት ፌዝ ለውጤቱ እንደማያስፈልግ፣ ትንንሽ ማዕዘኖች ቢጣሉ እንደሚቻል አያውቅም። ትልልቆቹ ቁጠባዎች ደግሞ እነዚሁ ናቸው።

አንድ ተደጋጋሚ ጥፋት፦ ሥዕሉ እንዲያምር ተብሎ የገባ ባሪየር። ባሪየር ለኮምፓይለሩ “ከዚህ አትለፍ” ማለት ነው። በግራና በቀኙ ያሉት ሲኖቶች መጠፋፋት ሲችሉ ሳይጠፋፉ ይቀራሉ። ሰርኪቱን ከመላክ በፊት አውጡት።

ስህተትን ወደ ዜሮ በመዘርጋት ዘዴ ስሠራ ውጤቱ አይለወጥም። ምን አጠፋሁ?

በዚህ ዘዴ ሆን ተብሎ ስህተት ይጨመራል፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ ሲኖት ሦስት ይደረጋል፣ ትርጉሙ ሳይለወጥ ስህተቱ እንዲያድግ። በተለያየ የስህተት መጠን ከተለኩት ነጥቦች ተነሥቶ ስህተቱ ዜሮ ቢሆን ምን እንደሚገኝ ይገመታል። የማቃለያ ደረጃው ክፍት ከሆነ ኮምፓይለሩ ሁለቱን አጥፍቶ ወደ አንድ ይመልሳቸዋል፤ ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። መጀመሪያ ሰርኪቱን በደረጃ 3 አዘጋጁ፣ ከዚያ ጌቶቹን አባዙ፣ ከዚያ በደረጃ 0 ላኩ። ባሪየር እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው።

የኳንተም ፎሪየር ለውጥ በጣም ረዘመብኝ። የሚጣል ነገር አለ?

አለ። ለ10 ኪዩቢት 45 ቁጥጥር ያለባቸው የፌዝ ጌቶች አሉ፤ እያንዳንዱ 2 ሲኖት ሲሆን 90 ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያሉት 5 ስዋፖች 15 ይጨምራሉ፣ ድምሩ 105። ስዋፖቹን በስም ለውጥ ተኩና 15ቱን አስወግዱ።

ቀጥሎ ማዕዘኖቹን እዩ። ጎረቤት ኪዩቢቶች መካከል ማዕዘኑ ፓይ/2 ነው፤ ርቀቱ በአንድ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። በ5 ርቀት ላይ ፓይ/32 ይሆናል፣ 5.6 ዲግሪ ገደማ። እንዲህ ያለ አንድ ጌት ቢጣል ውጤቱን በክፉው ሁኔታ 0.24 በመቶ ያዛባል። ቢቀመጥ ደግሞ ሁለቱ ሲኖቶች እያንዳንዳቸው በ0.5 በመቶ ስህተት 1 በመቶ ያህል ያስከፍላሉ። ማስቀመጡ ከመጣሉ ይበልጥ ይጎዳል። ከ4 ርቀት በላይ ያሉትን 15 ጌቶች ጣሉ፤ 30 ጌት፣ 60 ሲኖት ይቀራል።

የት ላይ ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው የማሽኑ ስህተት ነው። ማሽኑ ሲሻሻል መቁረጫው ወደ ትናንሽ ማዕዘኖች ይወርዳል። ፎሪየሩ ላይ ጥገኛ የሆነ ረጅም ስሌት ካለ ደግሞ የተጣሉት ማዕዘኖች ስህተት እንደሚደመር አትርሱ።

ያቃለልኩት ሰርኪት ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ይህ የሚዘለል ደረጃ አይደለም። በብዛት የሚታየው የተሳሳተ ፍተሻ ሁለቱንም ከሁሉም-ዜሮ ሁኔታ አስነሥቶ የልኬት ውጤታቸውን ማወዳደር ነው። የፌዝ ስህተት በዚህ አይታይም። ከዜሮ ተነሥቶ ልክ የሆነ ሰርኪት በትልቅ ሰርኪት ውስጥ ሲገባ ሊሳሳት ይችላል።

ትንሽ ከሆነ ሙሉ ማትሪክሱን አውጡ። የ10 ኪዩቢት ማትሪክስ 16 ሜጋባይት፣ የ12 ኪዩቢት 256 ሜጋባይት፣ የ14 ኪዩቢት 4 ጊጋባይት ይይዛል። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ 12 ላይ ማቆም ይሻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን የዘፈቀደ መነሻ ሁኔታ አዘጋጁ፣ የመጀመሪያውን ሰርኪት አስኪዱበት፣ ቀጥሎ የአዲሱን ግልባጭ አስኪዱ፣ ወደ መነሻው መመለሱን እዩ። የሁኔታ ቬክተር ለ25 ኪዩቢት ግማሽ ጊጋባይት፣ ለ28 ኪዩቢት 4 ጊጋባይት፣ ለ30 ኪዩቢት 16 ጊጋባይት ይፈልጋል። ከአሥር የተለያዩ የዘፈቀደ መነሻዎች አሥሩም ልክ ከመለሱ ስህተት ተደብቆ የመቅረቱ እድል እጅግ ትንሽ ነው።

እኩል ሆነው ሳለ እኩል ያልሆኑ የሚያስመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጋራ ፌዝ ነው፤ መላው ማትሪክስ መጠኑ 1 በሆነ ቁጥር ቢባዛ ለውጥ የለውም፣ ስለዚህ ቁጥር በቁጥር ሳይሆን በውስጣዊ ብዜት መጠን አወዳድሩ። ሁለተኛው የኪዩቢት ቅደም ተከተል ነው። ኮምፓይለሩ በስዋፕ ምክንያት መጨረሻ ላይ ኪዩቢቶቹን በሌላ ቦታ ሊተዋቸው ይችላል፤ የቦታ ለውጡን መዝገብ ሳያነቡ ማወዳደር “ኮምፓይለሩ ሰርኪቴን አበላሸው” ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል። በእኛ የመንገድ ምሳሌ አዳማና ወንጂ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ ቦታ ተለዋውጠው መጨረሳቸውን አስታውሱ።

ሰርኪቱ ክሊፎርድ ጌቶች (ከሃዳማርድ፣ ከኤስና ከሲኖት የሚገነቡ) ብቻ ያሉት ከሆነ እድለኞች ናችሁ፤ ለእነዚህ በተሠራው ሲሙሌተር ብዙ መቶ ኪዩቢት በተራ ላፕቶፕ ይፈተሻል።

ጽሑፎች ሁሉ ስለ ቲ ጌት ብዛት ያወራሉ። ልጨነቅበት?

ለዛሬ ማሽን አይደለም። ቲ ጌት (ፌዝን በፓይ/4 የሚያዞር) ውድ የሚሆነው ስህተት በሚያርም ማሽን ላይ ነው። እዚያ ክሊፎርድ ጌቶች በአንጻራዊነት ርካሽ ናቸው፤ ቲ ጌት ግን ተለይቶ የሚጣራ ልዩ ሁኔታ ይፈልጋል፤ በአንደኛው የታወቀ ዘዴ 15 ስህተት ያለባቸው ሁኔታዎች ተጣርተው 1 የተሻለ ይወጣል። በዚያ ዓለም ቶፎሊ በ6 ሲኖት ሳይሆን በ7 ቲ ነው የሚለካው፤ ረዳት ኪዩቢትና በመሃል የሚደረግ ልኬት ሲፈቀድ ወደ 4 ቲ ይወርዳል። አንድ አር-ዜድ ሽክርክሪት ደግሞ ነፃ መሆኑ ይቀራል፤ በአሥር ቢሊዮን አንድ ትክክለኛነት ለመገንባት 100 ቲ ገደማ ይጠይቃል።

ሁለቱ ግቦች ይጋጫሉ። ቲን የሚቀንሱ መሣሪያዎች ሲኖቱን ብዙ ጊዜ ያበዙታል። ለዛሬ ማሽን የምትሠሩ ከሆነ ቲ የሚቀንስ መሣሪያ ካስኬዳችሁ በኋላ ሲኖቱን እንደገና ቁጠሩ። ፓይዜድኤክስ የተባለው የማቃለያ ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው፤ ሰርኪቱን ወደ ግራፍ ለውጦ ሲያቃልል ድንቅ ሥራ ይሠራል፣ ከግራፉ ወደ ሰርኪት ሲመልሰው ግን ባለሁለት ኪዩቢት ጌቶቹ ከመነሻው ሊበልጡ ይችላሉ።

ነደፋ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎቹ ጊድኒና ኤኬሮ ባለ2048 ቢት የአርኤስኤ (የመረጃ ምስጠራ ዘዴ) ቁልፍ ለመስበር ስህተት ያለባቸው 20 ሚሊዮን ኪዩቢቶችና 8 ሰዓት እንደሚበቃ አሰሉ። በ2025 ጊድኒ ከ1 ሚሊዮን በታች ኪዩቢትና ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ እንደሚበቃ አሳየ። በሁለቱም ስሌት የተገመተው የጌት ስህተት ያው 0.1 በመቶ ነው። ማሽኑ አልተሻሻለም፤ ስሌቱና የስህተት ማረሚያው አደራደር ነው የተሻሻለው፣ ረዘም ያለ ጊዜ በመፍቀድ።

መብራት ሲሄድ ወይም ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ሥራው እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

አብዛኛው የማቃለል ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም። የማሽኑን መግለጫና የዕለቱን የስህተት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ሃያውን ሙከራ ከመስመር ውጭ አስኪዱ። በየሙከራው ውጤቱንና የተዘጋጀውን ሰርኪት ወዲያው ፋይል ላይ ጻፉ፤ ሃያው ሲያልቅ እጽፋለሁ ማለት በአሥራ ዘጠነኛው ላይ መብራት ሲሄድ ሁሉንም ማጣት ነው። ሰርኪቱ ወደ ማሽኑ ከተላከ በኋላ ላፕቶፑ ቢዘጋም ወረፋው ይቀጥላል፤ የሥራውን መለያ ቁጥር ብቻ አስቀምጡ። ብዙ ሰርኪቶችን አንድ በአንድ ከመላክ በአንድ ጥቅል ላኩ፤ አንዱ ሲመለስ ሌላውን የሚልክ ፕሮግራም በመሃል ግንኙነቱ ከተቋረጠ እዚያው ይቆማል።

የት ላይ ላቁም?

ትንሹ የሚቻለው ሰርኪት ይኸው መሆኑን በጠቅላላ ማረጋገጥ ለኳንተም ኮምፒውተር ራሱ ከባድ ከሚባሉ ችግሮች አንዱ ነው፤ አትጠብቁት። ጠቃሚ ወሰኖች ግን አሉ፦ በሁለት ኪዩቢት ላይ ያለ ማንኛውም ቁራጭ ከ3 ሲኖት ከበለጠ ገና ይቃለላል። በሦስት ኪዩቢት ላይ ደግሞ ልዩ ቅርጽ የሌለው ስሌት ቢያንስ 14 ይፈልጋል፤ የእናንተ በዚያ አካባቢ ከሆነ የሚቀረው ጥቂት ነው።

በተግባር ግን ከሌሎቹ የስህተት ምንጮች ጋር አወዳድሩ። የመንገዱን ሰርኪት እንውሰድ፤ 16 ሲኖት እያንዳንዱ በ0.3 በመቶ ስህተት፣ ድምሩ 5 በመቶ ገደማ ነው። 8 ኪዩቢት ይለካሉ፤ የአንዱ የልኬት ስህተት 1 በመቶ ከሆነ ድምሩ 8 በመቶ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ አሥራ ስድስቱን ወደ አሥራ አምስት ለማውረድ አንድ ቀን ከማጥፋት የልኬት ስህተቱን የሚያርመውን ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ ለእያንዳንዱ ኪዩቢት አንድ ጊዜ ከዜሮ፣ አንድ ጊዜ ከአንድ አስነሥቶ መለካት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስምንቱንም ባንድ ላይ በሁለት ሰርኪት መሥራት ይቻላል።